የአስተርጓሚው ቃል

ቃልህን ስጥ አላችሁኝ፣ ይኸው እሰጣለሁ፤
ስሜ ይርሳው ደምሌ፣ አስተርጓሚ ነበርሁ።
ገዳሪፍ በረሃ ስድስት መኸር አጭጄ፣
ወባና ዐረብኛ እኩል ተላምጄ።

የሰሊጡ ደላላ ጫቅሉ የሞተ ለት፣
አዘዞ ተገኘ መኪና ማደሪያ ቤት፣
በሸራ ተሸፍኖ፣ ሲባጎ ባንገት።
ጆንያው የሱዳን ነው፣ ሬሳው የኛ ሰው፣
ምርመራውን ለሁለት ድንበሩ ቆረሰው።

ከኛ ወገን ማስተዋል፣ የቢምረው ልጅ፣
ኢንስፔክተር ናት፤ ቃል አይወድቅም ከሷ እጅ።
ከዚያ ሻምበል ባቢክር፣ ቁመቱ የዋርካ፣
ሻይ በአምስት ማንኪያ ስኳር ጠጥቶ የማይረካ።
እሷ ፈጥና ትጠይቃለች፣ እሱ ይዘገያል፤
እሷ ወረቀት ታያለች፣ እሱ ጫማ ያያል።
መሐል ላይ እኔ አለሁ፣ የሁለቱ ድልድይ፤
ድልድይ ሲሸፍትስ አይታችኋል ወይ?

«ቋጣሪው ግራኝ ነው» አለ ክሩን ይዞ፤
ተረጎምኩ ይህንንስ፣ ምላሴ ፈዝዞ።

ቀሃ ማዶ ለቅሶው ድንኳን ተጥሎበት፣
እንደ ሰሊጥ ነጋዴ ባቢክር ገባበት።
እኔም ከጎኑ አለሁ ጋቢ አዘቅዝቄ፣
ያወቅሁትን ሁሉ ከሥሩ ደብቄ።
የሟች እህት አትጠገብ ደረት እየመታች፣
ከድንኳኑ መሐል እንዲህ ብላ አወጣች፦

«ፈጣሪን አልከስም፣ ቢያስብም ቢረሳኝ፤
ጫቅሉን የመሰለ ወንድም ሰጠኝ ነሳኝ።»

የሚመታው ደረት ባንድ ጊዜ ቆመ፤
አንዱ ውሸት ሳለ፣ ሌላው ተሳለመ።
«ምን አለች?» አለ ሻምበል ጠጋ ብሎ በቀስታ፤
«አምላክ ሰጠኝ፣ ነሳኝ፣ ነው ያለችው ጌታ።»
ውሸት አልተናገርሁም! ሰሙን አስረክቤ፣
ወርቁን ብቻ ዋጥሁት፣ ተጣብቆ ከልቤ።

ምክንያቴን ካላችሁ፦ በወባ ስነድ፣
በጀርባው አዝሎኝ ሌሊት ሲራመድ፣
ሰባት ሰዓት መንገድ፣ ክሊኒኩ ድረስ፤
ያን ጀርባ በቃሌ እንዴት ብዬ ልክሰስ?

ማታ ከጣቢያው ቢሮ፣ መብራት ጠፍቶ በሻማ፣
«ተርጉምላት» አለኝ፣ ማስተዋል እንድትሰማ፦
«እኛም አገር ይባላል፣ አምላክ ሰጠ፣ ነሳ፤
አሜን ይላል እንጂ ሰው፣ ለምን እጁን አነሳ?»
ይህንንም ነገርኳት ግማሹን ቀንሼ፣
ላቤን በእጅጌዬ ቀስ ብዬ አብሼ።

ያኔ እኔን ዘለለኝ። ከድንኳን ያመጣውን፣
ትርጉም የሌለበት፣ ድምፁን ብቻ ያቆየውን፣
በተሰበረ አፉ፣ «ጠ»ን «ተ» እያለ፣
እንደ ቆሎ ተማሪ ቃል በቃል አቀበለ።
«...ወንድም... ሰተኝ...» ሲል ትንፋሹ አረፈ፤
በዚያች ትንፋሽ መሐል፣ ሰጠኝ ሰው ሆኖ አለፈ።

«ፈጣሪን አልከስም?» አለች ማስተዋል ቀስ ብላ፤
«እሱን ካልከሰሰች ክሱ የማን ነው ኋላ?»
ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ ሻማውን አስጠጋች፤
«ሰጠኝ የሚባል ሰው፣ ግራኝ ታውቃለህ?» አለች።
ባቢክር አልጠበቀም ይህን እንድተረጉም፤
ሻዩን ገፋ አደረገልኝ፣ ስኳሩንም፣ ዝምታውንም።
ለካ ሦስት ሳምንት ሙሉ እኔ ቃል ስመዝን፣
እነሱ በዓይን ኖሯል የሚያወሩት ጎን ለጎን።

ሰጠኝ በካቴና ሲያልፍ በመስኮት አየሁት፤
ጀርባውን ነው ያየሁ፣ ፊቱን አላየሁት።

ቃሌ ይኸው ነው፣ ጻፉት። ፊርማዬ አለበት።
ግልባጩ ለሻምበል ገዳሪፍ ይላክለት፤
ብቻ ሌላ አስተርጓሚ ይፈለግለት።